ቦቱ ለደንበኛ አይጽፍም፦ የጋራ ኢንቦክሳችንን ሥራ የማቃለል ማስታወሻ

ሰኞ ጠዋት

የጋራ ኢንቦክሳችንን ሥራ የሚያቃልል ቦት፣ ማለትም በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ልጽፍ ነው። ኮድ ከመንካቴ በፊት ፈረቃ ላይ ካሉት ባልደረቦቼ ጎን ተቀምጬ ሲሠሩ አየሁ። በጋራ ኢንቦክሱ የሚገባው ሁሉ ሲያዩት አንድ ዓይነት ይመስላል። ደንበኛ የጻፈው አለ፣ የክፍያ ሥርዓቱ የሚልከው ማሳወቂያ አለ፣ ከሰርቨር መከታተያው የሚመጣ ማስጠንቀቂያ አለ፤ የቀረው «ለጊዜው ቢሮ የለሁም» እያለ ማሽን ለማሽን የሚጻጻፈው ነው። ሰው የሚያስፈልገው ለመጀመሪያው ነው፤ የሰውን ጊዜ የሚበሉት ግን ሌሎቹ ናቸው።

ብዛቱን ቡድኑ ለምዶታል። ያስቸገረው የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። አንድ ደብዳቤ ሲገባ ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም «እሷ ይዛዋለች» ብሎ ያልፈዋል። አለዚያ ሁለት ሰው እኩል ይመልስና ደንበኛው ጋ የማይስማሙ ሁለት መልሶች ይደርሳሉ።

አንዲት ባልደረባዬ የክፍያ ጥያቄ ስታስተናግድ ደረጃ በደረጃ ተከታተልኳት። ደብዳቤውን ታነባለች። የትዕዛዝ ቁጥሩን ቀድታ በሌላ ገጽ የአስተዳደር ፓነሉን ትከፍታለች። ያገኘችውን ወደ ውይይቱ (የአንድ ጉዳይ ደብዳቤዎች አብረው ወደሚቀመጡበት) ተመልሳ በውስጥ ማስታወሻ ትጽፋለች፦ «ከፍሏል፣ ማረጋገጫ አልወጣለትም»። «ክፍያ» የሚለውን ሌብል (የጉዳዩን ዓይነት የሚያሳይ ምልክት) ትለጥፋለች። ለሒሳብ ቡድኑ ትመድባለች። እስካሁን ለደንበኛው አንድ ቃል አልተጻፈም፤ ከጥያቄው ጊዜ አብዛኛው ግን አልቋል።

የቦቱ ሥራ እዚህ ላይ ተቆረጠ፦ መረጃ ያመጣል፣ ሌብል ይለጥፋል፣ ይመድባል፣ የማሽን ደብዳቤዎችን ይዘጋል። ለደንበኛ አይጽፍም። ረቂቅም አያዘጋጅም። «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚለውን አውቶማቲክ መልስ እንኳ ከዕቅዱ አውጥቼዋለሁ፤ ለጻፈው ሰው የሚነግረው አዲስ ነገር የለም፣ የማያልቅ የማሽን ምልልስ መነሻውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ሰኞ ከሰዓት

ለኢንቦክሱ የምንጠቀምበት መድረክ ኤፒአይ (ፕሮግራም ከመድረኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ) ውይይትን ለማስተካከል ሁለት በር አለው። አንደኛው ቀጥታ ነው፦ የውይይቱን መለያ ሰጥተህ «ዝጋ» ወይም «ለዚህ ሰው መድብ» ትለዋለህ፣ ያደርገዋል። ሁለተኛው ፖስት ነው። ፖስት በደብዳቤዎቹ መካከል ገብቶ የሚቀመጥ፣ ቡድኑ ብቻ የሚያየው ጽሑፍ ነው፤ ከጽሑፉ ጋር በዚያው አንድ ጥያቄ ውስጥ ትእዛዝም ይሸከማል። ሌብል ጨምር፣ መድብ፣ ዝጋ፣ መልሰህ ክፈት።

ቀጥታው መንገድ ኮዱ ያጥራል። ፈረቃውን የምትመራውን ባልደረባዬን ሳማክራት ግን አልወደደችውም።

«አንድ ውይይት ጠዋት እኔ ጋ ነበረ፣ ከምሳ ስመለስ ሌላ ሰው ጋ ሆኖ አገኘሁት እንበል። ማን አዛወረው? ለምን? ካልነገረኝ መልሼ ከፍቼ ከመጀመሪያው ማንበቤ አይቀርም። ታዲያ ምኑን አቃለልክልኝ?»

ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፦ ቦቱ የሚነካውን ሁሉ በፖስት ብቻ ይነካል፤ ምክንያት የሌለው ፖስት አይልክም። በኮዱ ውስጥም ፖስት የሚልከው ተግባር «ምክንያት» የሚል የግድ የሚሞላ ቦታ አለው። ባዶ ከሆነ ጥያቄው ከእኛ ሰርቨር አይወጣም።

ማክሰኞ

ቀኑን የበላው ትክክለኛውን ውይይት ማግኘት ነው።

ኢሜይል እርስ በርሱ የሚያያዘው በርዕሱ አይደለም። እያንዳንዱ ደብዳቤ «ሜሴጅ-አይዲ» የሚባል የራሱ መለያ አለው፤ መልስ ሲጻፍ ያ መለያ «ኢን-ሪፕላይ-ቱ» ውስጥ ይገባል፣ የቀደሙት ሁሉ ሰንሰለት ደግሞ «ሬፈረንስስ» ውስጥ ይከማቻል። በ1982 ከወጣው አርኤፍሲ 822 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደንቦች የሚጻፉበት ሰነድ ነው) ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ አሁን የሚሠራበት የ2008ቱ አርኤፍሲ 5322 ነው። መድረኩ ይህን ስለሚያነብ የደንበኞቹ ደብዳቤዎች ያለ እኔ እርዳታ ውይይታቸውን ያገኛሉ።

ችግሩ ኢሜይል ያልሆነው ነው። የሰርቨር መከታተያው ማስጠንቀቂያ በኤፒአይ ነው የሚመጣው፤ ያው አደጋ ሲጀምር አንድ፣ ሲባባስ አንድ፣ ሲፈታ አንድ ይልካል። ሦስቱም አንድ ውይይት ውስጥ ካልገቡ ኢንቦክሱ በቁርጥራጭ ይሞላል። ፖስት የውይይት መለያ ሳይሰጠው ከተላከ አዲስ ውይይት ይከፍታል፤ መልሱ ውስጥ የአዲሱን ውይይት መለያ ይመልሳል። ስለዚህ ትንሽ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል፦ በአንድ ዓምድ የአደጋው ቁጥር፣ በሌላው የውይይቱ መለያ። ቀጣዩ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ሰንጠረዡን ጠይቆ እዚያው ውይይት ላይ ይጽፋል።

ቀላል ይመስላል። ሁለት ማስጠንቀቂያ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሲመጣ ግን ሁለቱም ሰንጠረዡን ያያሉ፣ ሁለቱም «የለም» የሚል መልስ ያገኛሉ፣ ሁለቱም አዲስ ውይይት ይከፍታሉ። መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፦ መጀመሪያ የአደጋውን ቁጥር ሰንጠረዡ ውስጥ ማስገባት፣ ዳታቤዙ የተደገመ ቁጥር እንዳይቀበል ማድረግ፣ ከዚያ ማስገባት የቻለው ብቻ ውይይት ይከፍታል። ሁለተኛው ዳታቤዙ ሲመልሰው ጥቂት ጠብቆ የውይይቱን መለያ ከሰንጠረዡ ያነባል። ከፋች የሆነው ሂደት መሐል ላይ ቢሞት ቁጥሩ ያለ ውይይት ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፣ መለያው ሳይሞላ ከአንድ ደቂቃ በላይ የቆየን ረድፍ ሌላው እንዲወርሰው አድርጌያለሁ።

ሌላ የታዘብኩት፦ ደንበኞች አድራሻ ከመፈለግ የድሮ ደብዳቤያችንን ከፍተው «መልስ» ይጫኑና ስለ ሌላ ጉዳይ ይጽፋሉ። ሰንሰለቱ ትክክል ስለሆነ ከወራት በፊት የተዘጋው ውይይት ይከፈትና የድሮው ተመዳቢ ላይ ይወድቃል፤ እሱ ደግሞ እረፍት ላይ ነው። እዚህ ላይ ቦቱ ምንም አይፈርድም። «ይህ ውይይት ከተዘጋ ቆይቷል፣ አዲስ ጉዳይ ሊሆን ይችላል» ብሎ ጽፎ ምደባውን አንስቶ ወደ ቡድኑ ይመልሰዋል።

ረቡዕ

ዌብሁክ። መድረኩ አዲስ ነገር ሲከሰት ወደ እኛ ሰርቨር ጥያቄ ይልካል፤ እኛ በሴኮንዶች ውስጥ «ደርሷል» ማለት አለብን። ስለዚህ ተቀባዩ ምንም አይሠራም፦ ፊርማውን ያረጋግጣል፣ ወረፋ ላይ ያስቀምጣል፣ 200 (ተቀብያለሁ የሚለውን ኮድ) ይመልሳል። ሥራው ከወረፋው ወዲያ ነው።

የፊርማው ጉዳይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ስለሆነ በዝርዝር ልጻፈው። መድረኩ የላከውን ጽሑፍ በሚስጥር ቁልፍ ኤችማክ-ሻ 256 ያሰላና ውጤቱን በራስጌ (ከመልእክቱ በላይ በሚሄደው መረጃ) ይልካል። ኤችማክ በ1997 በአርኤፍሲ 2104 የተጻፈ ቀላል ስሌት ነው፤ እኛም ያንኑ አስልተን እናወዳድራለን። ቁም ነገሩ የሚሰላው በመጣው ጥሬ ባይት ላይ መሆኑ ነው። ብዙ የኮድ ማዕቀፎች ጄሰኑን (መረጃው የሚላክበትን የጽሑፍ ቅርጽ) ፈትተው ለፕሮግራም እንዲመች አድርገው ይሰጡሃል፤ አንተ ያንን መልሰህ ጄሰን አድርገህ ብታሰላ በላቲን ለተጻፈ ጽሑፍ አንዳንዴ ይሠራል፣ በአማርኛ ግን ይወድቃል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። «ሰላም» በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚለውጠው ደንብ) 9 ባይት ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል 3። አንዳንድ የጄሰን ጸሐፊዎች ግን ካልከለከልካቸው በቀር ከአስኪ (ከመሠረታዊው የላቲን ፊደል ስብስብ) ውጭ ያለን ፊደል በማምለጫ ኮድ ይጽፉታል፣ ለእያንዳንዱ 6 ባይት። ያው «ሰላም» 18 ባይት ይሆናል። ትርጉሙ አልተለወጠም፤ ባይቱ ግን ሌላ ነው፣ ፊርማውም ሌላ። በላቲን መልእክት ብቻ የተፈተነ ተቀባይ የመጀመሪያው የአማርኛ ደብዳቤ ሲመጣ «ሐሰተኛ ፊርማ» ብሎ ይጥለዋል። ጥሬውን ባይት ከማንኛውም ፈቺ በፊት መያዝ ነው መድኃኒቱ። ማወዳደሩም በተራ የእኩልነት ምልክት ሳይሆን ለሁሉም ግብዓት እኩል ጊዜ በሚወስደው ተግባር ይሁን፤ አለዚያ የጊዜ ልዩነቱን እየለካ ፊርማ የሚገምት ሰው ይኖራል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር። የአማርኛ ርዕስ በኢሜይል ራስጌ ውስጥ ሲጓዝ በ1996ቱ አርኤፍሲ 2047 መሠረት ወደ አስኪ ኮድ ተለውጦ፣ ከ75 ሆሄ በማይበልጡ ቁርጥራጮች ተከፍሎ ነው። ደንቡ አንድ ፊደል መሐል ለመሐል እንዳይቆረጥ ይላል፤ ደንቡን የማያከብር ላኪ ግን ሞልቷል። ቁርጥራጮቹን ለየብቻ ከፈታህ ቁርጡ ላይ የጥያቄ ምልክት ይወጣል። ተከታትለው የመጡትን መጀመሪያ ባይታቸውን አጋጥሜ ከዚያ ወደ ፊደል እለውጣለሁ።

ረቡዕ ማታ

ዌብሁክ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይደርሳል የሚባለው፣ ሁለት ጊዜም ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። የክስተቱን መለያ መዝግቦ የተደገመውን መጣል በቂ ነው።

የሚከብደው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። እኛ ፖስት ልከን ግንኙነቱ ቢቋረጥስ? ፖስቱ ገብቶ መልሱ ነው የጠፋው ወይስ ፖስቱ ራሱ አልደረሰም? ዝም ብለን ብንደግም ቡድኑ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ያነባል፤ ባንደግም ሳያነበው ይቀራል። መድረኩ ለፖስት የድግግሞሽ መከላከያ ቁልፍ አይቀበልም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፖስት ግርጌ የክስተቱን አጭር ኮድ አኖራለሁ፤ ከመድገሜ በፊት የውይይቱን የቅርብ ፖስቶች አንብቤ ያ ኮድ ካለ እተወዋለሁ። ግርጌው ትንሽ ያስቀይማል። አንዱ ባልደረባዬ «ይሄ ምንድን ነው ደግሞ፣ የመኪና ታርጋ?» አለኝ። ይኑር፤ ችግር ሲፈጠር ሎጉ (የቦቱ የሥራ መዝገብ) ውስጥ የምፈልገውም በእሱ ነው።

ሐሙስ

ምልልስ። ቦቱ ፖስት ሲጽፍ ያ ፖስት ራሱ አዲስ ክስተት ነውና ዌብሁክ ይነሳል፤ ቦቱ ያንን አይቶ ደግሞ ይጽፋል። በሙከራ ኢንቦክስ ላይ መከላከያውን አጥፍቼ ሆን ብዬ አስነሳሁት፣ ፍጥነቱን ለማየት። ያቆመው የኤፒአዩ የጥያቄ ገደብ ነው።

መከላከያው ድርብርብ ነው። ጸሐፊው ቦቱ የሆነን ክስተት ከበሩ እንመልሳለን። «አውቶ-ሰብሚትድ» የሚል ራስጌ ይዞ የመጣን፣ ዋጋው «ኖ» ካልሆነ በቀር፣ የማሽን ደብዳቤ ነው ብለን እንለየዋለን፤ ይህ የ2004ቱ አርኤፍሲ 3834 ነው፣ «ቢሮ የለሁም» የሚሉት መልሶች እርስ በርስ እንዳይነዛነዙ የተጻፈ። የመመለሻ አድራሻው ባዶ የሆነ ደብዳቤም የማሽን ነው፤ ያልደረሰ ደብዳቤ ሲመለስ እንዲህ ሆኖ ይመጣል። «ሊስት-አይዲ» ያለው የጅምላ ስርጭት ነው። ይህ ሁሉ አልፎ የሚያመልጥ ስለማይጠፋ በመጨረሻ ደደብ የሆነ ጣሪያ አስቀመጥኩ፦ በአንድ ውይይት ላይ በሰዓት ከተወሰነ ቁጥር በላይ ፖስት የለም፤ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ቦቱ «እዚህ ላይ አቁሜያለሁ» ብሎ ጽፎ ዝም ይላል። ከሁሉም በላይ የማምነው ይህንን ደደቡን ነው።

ዓርብ

ሌብል መለጠፍ። ዛሬ የተደሰትኩበትም የተናደድኩበትም ቀን ነው።

ደንበኛው የትዕዛዝ ቁጥር ከጻፈ ነገሩ ያልቃል፤ ቁጥሩን ይዞ ሥርዓቱን መጠየቅ ነው። ካልጻፈ ከቃላቱ መገመት ያስፈልጋል። የመድረኩ የራሱ ሕግ «ርዕሱ ውስጥ ይህ ቃል ካለ» ይላል፤ ለእንግሊዝኛ ደብዳቤ ይበቃ ይሆናል። አማርኛ ላይ ግን ስለ ክፍያ የሚጽፍ ሰው «ክፍያ» ብቻ አይልም። «ከፈልኩ»፣ «አልተከፈለም»፣ «ብከፍልም»፣ «የተከፈለው» ይላል። «ክ» እና «ከ» ለኮምፒውተር ሁለት የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸውና አንዱን ፈልጎ ሌላውን አያገኝም።

ፊደላቱ የተደረደሩበት መንገድ ግን ደስ ይላል። ኢትዮፒክ በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ረድፍ 8 ቦታ ተሰጥቶት ነው፤ የረድፉ መጀመሪያ ግዕዙ ነው። ስለዚህ የፊደሉን ቁጥር ለ8 አካፍሎ ቀሪውን ከራሱ ላይ መቀነስ ብቻ ማንኛውንም ፊደል ወደ ግዕዙ ይመልሰዋል። «ክፍያ» ከፈየ ይሆናል፣ «ከፈልኩ» ከፈለከ፣ «አልተከፈለም» አለተከፈለመ። አንድ መስመር ኮድ ነው። እንደ «ቋ» ያሉት የራሳቸው ረድፍ ስላላቸው ለብቻ ማስተናገድ አለ። ከዚያ ሞክሼዎቹ፦ ሐ፣ ኀ እና ኸ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ።

ደስታው እስከ ቀትር ነበር የቆየው። «ክፍል» ወደ ግዕዝ ሲመለስ ከፈለ ነው፤ ስለ ክፍያ ነው ብሎ ለጠፈው። የጻፈችው ደንበኛ የፈለገችው የቴክኒክ ክፍሉን ነበር። ከፈ ብቻ ብፈልግ «ከፍተኛ»ም «ክፍት»ም «ክፉ»ም ይገባሉ። «ሂሳብ» እና «ሒሳብ» አንድ ሆነው መያዛቸው ጥሩ ነው፤ አናባቢው ሲወገድ ግን «ሃሳብ»ም ሀሰበ ይሆናል፤ «አንድ ሃሳብ ነበረኝ» ያለ ሰው ሒሳብ ቡድን ጋ ሄዶ ተቀመጠ።

ያደረግኩት ሁለት ደረጃ ነው። ለግሶች የግዕዙን አጽም እጠቀማለሁ፣ የማይፈለጉ ቃላት ዝርዝርም አብሮ ይሄዳል። እንደ «ሂሳብ» ላሉ ስሞች ሞክሼውን ብቻ አስተካክዬ አናባቢውን አልነካም። ከዚያም በላይ፣ በቃል ግምት የተገኘ ነገር አይመድብም። ሌብሉን «ክፍያ ይሆን?» ብሎ ይለጥፋል፣ የትኛውን ቃል አይቶ እንደሆነ በፖስቱ ይጽፋል። በትዕዛዝ ቁጥር የተረጋገጠው ብቻ ወደ ሰው ይሄዳል።

የቋንቋ ሞዴል ይሠራልኛል የሚል ሐሳብ ቡድኑ ውስጥ ተነስቷል። ይሠራ ይሆናል። ለአሁኑ ግን ሌብሉ ለምን እንደተለጠፈ በአንድ መስመር መናገር የሚችለውን እመርጣለሁ።

ሰኞ

የፖስቱን ቅርጽ አስተካከልኩ። እስካሁን ቦቱ ያወቀውን ሁሉ ይጽፍ ነበር፤ የሚያነበው ጠፋ። አሁን እንዲህ ነው፦

«ክፍያ ገብቷል፣ ማረጋገጫ አልወጣም።
ምክንያት፦ የትዕዛዝ ቁጥሩ ደብዳቤው ውስጥ ተገኝቷል፤ የክፍያ ሥርዓቱ ተከፍሏል ይላል፤ ማረጋገጫ ሰነድ የለም።
የተደረገው፦ "ክፍያ" ሌብል፤ ለሒሳብ ቡድን።
ስህተት ከሆነ ሌብሉን ማንሳት ይበቃል፤ ዳግም አይለጠፍም።»

የመጀመሪያው መስመር ለብቻው መነበብ አለበት፤ ስልክ ላይ የሚመጣው ማሳወቂያ እሱ ነውና። ለዚያም ነው የደንበኛው ስም፣ ስልክ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር እዚያ የማይገባው። የተቆለፈ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ማንም ያነበዋል።

የመጨረሻውን መስመር ለማክበር ደግሞ ሰው ያነሳውን ሌብል መመዝገብ ግድ ሆነ። ሰው ያስተካከለውን ቦት መልሶ ካበላሸው ቡድኑ በሁለተኛው ቀን ቦቱን ያጠፋዋል፤ እኔም ብሆን አጠፋዋለሁ።

ማክሰኞ

የጥያቄ ገደብ። ትልቅ ብልሽት ሲኖር መከታተያው በአንድ ጊዜ ብዙ ይልካል፣ ኤፒአዩም 429 መመለስ ይጀምራል፤ «በዛብኝ» ማለቱ ነው፣ በ2012 በአርኤፍሲ 6585 የገባ ኮድ። «ሪትራይ-አፍተር» የሚል ራስጌ ካለ የተባለውን ያህል ሰከንድ መጠበቅ፣ ከሌለ እየጨመሩ መሄድ። የምንጠብቀውም ሁሉም የቦቱ ሂደቶች በአንድ ሰከንድ እንዳይነቁ ትንሽ እያዘበራረቅን ነው።

ይህ ሁሉ አስፈላጊ ሆኖ፣ ነገሩን የፈታው ግን ሌላ ነው። ለአንድ ውይይት የሚሄዱ ክስተቶችን ለግማሽ ደቂቃ ይዤ በአንድ ፖስት አወጣቸዋለሁ። «አገልግሎቱ ቆመ፣ ተመለሰ፣ ቆመ» የሚል አንድ ፖስት ከሦስት ፖስት ይሻላል፤ ስልኩም አንድ ጊዜ ይጮኻል። ገደቡ ላይ የምንደርሰው ከዚያ ወዲህ በሙከራ ብቻ ነው።

ረቡዕ

መዝጋት። ከፈረቃ መሪዋ ጋር ረጅም ጊዜ የተከራከርነው በዚህ ነው።

የተፈታ የሰርቨር ማስጠንቀቂያ ይዘጋ፤ እዚህ ላይ ተስማማን። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ጨመረች፦ ማንም ሰው ውይይቱ ውስጥ አስተያየት ከጻፈ ቦቱ አይዝጋ። ሰው ገብቶበታል ማለት ጉዳዩ ከማስጠንቀቂያው በላይ ሆኗል ማለት ነው። ትክክል ናት።

«አመሰግናለሁ» የሚሉት ግን አሉ። ጉዳዩ አልቆ ይዘጋል፣ ደንበኛው ያመሰግናል፣ ደብዳቤው ውይይቱን ይከፍተዋል፣ ሰው ገብቶ መልሶ ይዘጋል። ምስጋናው የሚያስደስተውን ያህል ሥራ ነው። ደብዳቤው አጭር ከሆነና «አመሰግናለሁ» ካለው እንዝጋ አልኳት። ኢንቦክሱን ፈለግ ፈለግ አድርጋ አንዱን አወጣችልኝ፦ «አመሰግናለሁ፣ አሁንም ግን አልገባም።» ርዝመቱ አጭር፣ ምስጋናውም አለ። ይህን ዘግቶ የሚሄድ ቦት ደንበኛ ያባርራል።

ስለዚህ ጥላ ሙከራ ይሁን አልን። ቦቱ አይዘጋም፤ «እዘጋው ነበር» የሚል ሌብል ይለጥፋል፣ ያለ ማሳወቂያ። ሰው እንደ ወትሮው ያነባል። ሰው ራሱ ከዘጋው ተስማምተዋል፤ መልስ ከጻፈበት አልተስማሙም፤ ያንን ደብዳቤ እኔ አነበዋለሁ። «ግን»፣ «ነገር ግን»፣ «አሁንም» እና የጥያቄ ምልክት ያለበትን አስቀድሜ አውጥቼዋለሁ። አማርኛ ላይ ብዙ ሰው ጥያቄ ጽፎ የጥያቄ ምልክት አይጨምርም፤ ስለዚህ «መቼ»፣ «ለምን»፣ «እንዴት» እና «ወይ» ያለበትም ወጥቷል። የሚቀረው ጥቂት ነው። ይቅር፤ አለመዝጋት የሚያስከፍለው አንድ ጠቅታ ነው።

ምደባውን በአጭሩ፦ ተራ በተራ ማደል ሞክረን ትተነዋል። አንዱ ሰው ላይ ከባድ ጉዳይ ሲደርስ ተራው ግን እንደ ወትሮው ይቀጥላል። አሁን ቦቱ ፈረቃ ላይ ካሉት መካከል ክፍት ውይይት ለሚያንሰው ይሰጣል፤ እኩል ከሆኑ ለረጅም ጊዜ ላልተመደበለት። አስቀድሞ ሰው የተመደበበትን አይነካም። ፈረቃው ሲያልቅ ያልተመለሱትን ወደ ቡድኑ ይመልሳል፣ ለማን ተመድበው እንደነበር ጽፎ።

ሐሙስ

የጽዳት ቀን። የኤፒአይ ቶክኑ (የመግቢያ ቁልፉ) በእኔ ስም ነበር የወጣው፤ ፖስቱም እኔ የጻፍኩት ይመስል ነበር፣ እኔም ከሥራ ብለቅ ሁሉም ነገር በዚያው ቀን ይቆማል። የቦቱ የራሱ አካውንት ተከፈተ፣ የጋራው ኢንቦክስ ላይ ብቻ መብት ያለው፤ የማንንም የግል ኢንቦክስ አያይም። ቶክኑ ከኮዱ ወጥቶ የምስጢር ማከማቻ ውስጥ ገባ።

«ቦት አይግባ» የሚል ሌብልም ጨመርኩ። ማንም ሰው አንድ ውይይት ላይ ከለጠፈው ቦቱ ያንን ውይይት አያነብም፣ አይጽፍበትም። ሐሳቡን ያቀረበችው የሕግ ጉዳይ የምትይዘዋ ባልደረባዬ ናት፤ የሷ ውይይቶች ላይ የማሽን ጽሑፍ ጨርሶ እንዳይኖር ትፈልጋለች። ቦቱ ሌብሉ መኖሩን የሚያየው ክስተቱ ወረፋው ላይ ሲገባ ብቻ ሳይሆን ፖስቱ ከመላኩ በፊትም ነው፤ በመካከል የለጠፈ ሰው ካለ ይከበርለት።

ዓርብ

የጥላ ሙከራው እየሄደ ነው። ያልተስማሙባቸውን አነበብኩ። ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፦ ደንበኛው ከምስጋናው በታች ፎቶ አያይዟል። ጽሑፉ «አመሰግናለሁ» ብቻ ነው፣ ጉዳዩ ፎቶው ውስጥ ነው። አባሪ ያለው ደብዳቤ አይዘጋም የሚል አንድ ሕግ ጨመርኩ። ፊርማ ውስጥ የሚመጣ አርማም እንደ አባሪ ስለሚቆጠር በደብዳቤው ገጽ ላይ የተቀረጹትን ምስሎች መለየት ነበረብኝ፤ እነሱ «ኮንተንት-አይዲ» አላቸው፣ ገጹም በዚያ ይጠራቸዋል። ከስልክ የሚላክ ፎቶም ግን አንዳንዴ እንደዚያው ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ የማልፈው ከዚያው አድራሻ በቀደሙት ደብዳቤዎች ላይ ደጋግሞ የመጣውን ምስል ብቻ ነው። አዲስ ምስል ከሆነ ሰው ይየው።

የፈረቃ መሪዋ በሚመጣው ሳምንት መዝጋቱ በእውነት እንዲጀመር ፈቅዳለች፣ በክፍያ ሌብል ላሉት ሳይሆን ለቴክኒክ ጥያቄዎቹ ብቻ። የክፍያዎቹ በጥላ ይቆያሉ። ለኔ የቀረኝ ወረፋው ሲቆም የሚያሳውቅ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ነው፤ ያኛው በፖስት አይሄድም፣ ቦቱ ራሱ ሲሞት ፖስት የሚጽፍ ስለማይኖር በሌላ መንገድ ቀጥታ ወደ ስልኬ ይመጣል።